011 ምንድን ነው? ስለ ስልክ ኮድ ያልተነገረን ታሪክ

ዛሬ ፖስቱ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

አንድ ጥያቄ ልጀምርላችሁ። 011 ምንድን ነው? አዲስ አበባ ያለ ሰው «የኛ ኮድ ነዋ፣ ይሄ ደሞ ምን ይጠየቃል!» ይላል። ልክ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለ ዘመዳችሁን ብትጠይቁት ግን መልሱ ሌላ ነው። እሱ ዘንድ 011 ማለት «ወደ ውጭ ሀገር ልደውል ነው» ማለት ነው። ከአሜሪካ የቤት ስልክ አዲስ አበባ የሚደውል ሰው መጀመሪያ 011፣ ቀጥሎ 251፣ ከዚያ 11 ብሎ ነው ወደ ሰባቱ ቁጥር የሚገባው። ሦስቱ ቁጥሮች ያው ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን እዚህና እዚያ አይገናኝም።

እነዚህን ቁጥሮች በየቀኑ እንነካካቸዋለን፤ ማን እንዳወጣቸውና ለምን እንደወጡ ግን ማንም አላስተማረንም። እኔም ያስተማርኳችሁ አይመስለኝም፤ መጽሐፉ ውስጥ የለማ። ታሪኩን ስትከታተሉት ግን ከሽቦና ከማሽን ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ፦ የማን ጊዜ ይቆጠብ፣ ማንስ ይጠብቅ የሚል ውሳኔ።

♦ ኮድ ሳይኖር

ስልክ ሲጀመር ቁጥር መምታት የሚባል ነገር አልነበረም። ቀፎውን ታነሳለህ፣ ኦፕሬተሯ «አቤት» ትላለች፣ የምትፈልገውን ሰው ትነግራታለህ፣ እሷ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ ትሰካለች። በአንድ ከተማ ውስጥ ይሄ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ራቅ ሲል ነው። የዚህ ከተማ ኦፕሬተር ለቀጣዩ ከተማ ኦፕሬተር ትደውላለች፣ ያቺ ደግሞ ለሚቀጥለው፣ እንዲህ እየተቀባበሉ መስመሩ ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ1915 አሜሪካ ከዳር እስከ ዳር በስልክ ስትገናኝ አንዱን ጥሪ ለማገናኘት አምስት ኦፕሬተሮችና 23 ደቂቃ ገደማ ያስፈልግ ነበር። ከኒውዮርክ ሳንፍራንሲስኮ ለሦስት ደቂቃ ወሬ ደግሞ 20 ዶላር ከ70 ሳንቲም። በዚያን ጊዜ ይሄ የብዙ ቀን ደሞዝ ነው።

ኦፕሬተሯን ከመሐል ለማውጣት ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቀብር አስፈጻሚ! አልሞን ስትሮውጀር ይባላል፤ በካንሳስ ሲቲ የቀብር ሥራ የሚሠራ ሰው ነበር። እንደሚነገረው ከሆነ የከተማው ኦፕሬተር ከተፎካካሪው ጋር ቅርበት ነበራትና ሐዘንተኛ ሲደውል ጥሪውን ወደ ተፎካካሪው ታዞርበት ነበር። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1891 ጥሪን ያለ ሰው እጅ የሚያገናኝ ማሽን ፓተንት አወጣ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1892፣ ኢንዲያና ግዛት ላ ፖርት በምትባል ከተማ የመጀመሪያው አውቶማቲክ የስልክ ማዕከል ሥራ ጀመረ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቁጥር ማለት ለማሽን የሚሰጥ ትዕዛዝ ሆነ። በጣት የሚዞረውን ስልክ ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። 3 ላይ አስገብታችሁ ስታዞሩና ስትለቁት እየተመለሰ ሦስት ጊዜ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ይላል። ያ ድምፅ መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋርጦ መቀጠሉ ነው፤ ማሽኑ ይሄን ይቆጥራል። 9 ዘጠኝ ጊዜ ነው፤ 0 ደግሞ አሥር ጊዜ። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

♦ 1947፦ አህጉሩን በ86 መክፈል

በአንድ ከተማ ውስጥ ማሽኑ ችግሩን ፈታው። ከተማ ለከተማ ግን አሁንም ኦፕሬተር ነው። ምክንያቱም ያው ቁጥር በየከተማው አለ። ቺካጎ ያለ ቁጥር ቦስተንም ሊኖር ይችላል። ማሽኑ የትኛውን እንደፈለግህ በምን ያውቃል?

አሜሪካ ውስጥ አብዛኛውን የስልክ አገልግሎት በእጁ የያዘው ኤቲኤንድቲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 መልሱን ይዞ ወጣ። አሜሪካንና ካናዳን በ86 ቦታ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሦስት አኃዝ ያለው ኮድ ሰጠ። ኤሪያ ኮድ የምንለው ይሄ ነው። ቺካጎ ያለው ቁጥርና ቦስተን ያለው ቁጥር ቢመሳሰሉም ፊታቸው ላይ ያለው ኮድ ይለያቸዋል።

መጀመሪያ ላይ ኮዱን የሚጠቀሙት ኦፕሬተሮች ብቻ ነበሩ። ተራው ሰው ራሱ የደወለው እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1951 ነው። ኒውጀርሲ ውስጥ ያለች እንግልውድ የምትባል ከተማ ከንቲባ ካሊፎርኒያ አላሚዳ ላለው ከንቲባ በገዛ ጣቱ ደወለ። ጥሪው በ18 ሰከንድ ገደማ ተገናኘ። ከ23 ደቂቃ ወደ 18 ሰከንድ! በመሐሉ ያለፈው 36 ዓመት ብቻ ነው።

♦ መሐለኛዋ ቁጥር

የሒሳብ ወዳጆች እዚች ጋ ንቁ።

ማሽኑ አንድ ችግር ነበረበት። አንዱ ደንበኛ ከተማው ውስጥ ለመደወል ሰባት ቁጥር ይመታል፤ ሌላው ሩቅ ለመደወል አሥር። ማሽኑ ግን ቁጥሩን የሚቀበለው አንድ በአንድ ነው። ደንበኛው አራተኛው ላይ ሳይደርስ «ይሄ የሀገር ውስጥ ነው ወይስ የሩቅ?» የሚለውን መለየት አለበት።

መልሱ መሐለኛዋ ቁጥር ላይ ተደበቀ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ስልክ ቁጥር የሚጀምረው በፊደል ነበር፤ መደወያው ላይ ከ2 እስከ 9 ባሉት ቁጥሮች አጠገብ ፊደላት አሉ፣ ዛሬ ሞባይላችሁ ላይ እንደምታዩት። 1 እና 0 ላይ ግን ለስም የሚያገለግል ፊደል አልነበረም። ስለዚህ የየሰፈሩ ማዕከል ቁጥር ሁለተኛው አኃዝ 1 ወይም 0 ሊሆን አይችልም ነበር። የኤሪያ ኮድ አውጪዎቹ ይሄንን ክፍተት ተጠቀሙበት፤ የኤሪያ ኮድ ሁሉ መሐለኛ ቁጥር 0 ወይም 1 እንዲሆን ወሰኑ። 212፣ 312፣ 202፣ 605። ማሽኑ ሁለተኛውን ቁጥር ሲሰማ ያውቃል፦ 0 ወይም 1 ከሆነ ሩቅ ነው፣ ከ2 እስከ 9 ከሆነ ቅርብ ነው። ሌላ ነገር መጠየቅ አያስፈልገውም።

0 እና 1 ራሳቸውም ልዩነት ነበራቸው። ግዛቱ በሙሉ በአንድ ኮድ ከተሸፈነ መሐሉ 0 ይሆናል፤ ሕዝቡ በዝቶ ከአንድ በላይ ኮድ ካስፈለገው 1። ዋሽንግተን ዲሲ 202፣ ሜሪላንድ 301፣ ቨርጂኒያ 703 የሆኑት ለዚህ ነው። እዚያ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ በየቀኑ የምታዩት ቁጥር ውስጥ ይሄ ሁሉ አለ።

♦ የማን ጊዜ ይቆጠብ?

አሁን ወደ «ቀጭ ቀጭ»ው እንመለስ። ኮዶቹን በመደወያው ድምፅ ቁጠሯቸው።

ኒውዮርክ ከተማ 212፦ 2+1+2 = 5
ሎስ አንጀለስ 213፦ 2+1+3 = 6
ቺካጎ 312፦ 3+1+2 = 6
ዲትሮይት 313፦ 3+1+3 = 7
ቬርሞንት 802፦ 8+10+2 = 20
ሳውዝ ዳኮታ 605፦ 6+10+5 = 21

በሰከንድ አሥር ምት ብትይዙት፣ የኒውዮርክ ኮድ በግማሽ ሰከንድ ያልቃል፤ የሳውዝ ዳኮታ ከሁለት ሰከንድ ያልፋል። ትንሽ ይመስላል። በቀን የሚደረገውን ጥሪ ሁሉ ብታባዙበት ግን የማሽኑም የሰውም ጊዜ ይሆናል። ብዙ የሚደወልበት ከተማ አጭሩን አገኘ፤ ገበሬ የሚበዛበት ግዛት ረጅሙን ወሰደ። በኢንጂነር ዓይን ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። ግን ልብ በሉ፦ ማንም «ትልቅ ነህ፣ ትንሽ ነህ» ሳይለው አንድ ሰው በቁጥሩ ብቻ ቦታው ታወቀ።

ይሄው ሐሳብ ቀጥሎ ወደ ዓለም ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለየሀገሩ ኮድ ሲያድል ምድርን በቀጠና ከፈላት። 1 ሰሜን አሜሪካ፣ 2 አፍሪካ፣ 3 እና 4 አውሮፓ፣ 7 ሶቪየት ኅብረት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ግብፅ 20፣ ደቡብ አፍሪካ 27 ሆኑ፤ ሁለት አኃዝ ብቻ። ኢትዮጵያ 251፣ ኬንያ 254፣ ጅቡቲ 253፤ ሦስት አኃዝ። ለምን? የሀገር ኮዱና የሀገር ውስጥ ቁጥሩ ተደምሮ የሚያልፈው ጣሪያ አለ፤ ያኔ 12 አኃዝ ነበር። ብዙ ስልክ ይኖረዋል ተብሎ የተገመተ ሀገር ረጅም የውስጥ ቁጥር ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ኮዱ ማጠር አለበት። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት አንድ አንድ አኃዝ ያገኙትም በዚሁ መንገድ ነው። 251 ስትሉ እንግዲህ ከስልሳ ዓመት በፊት ስለኛ የተገመተ ግምት እየደወላችሁ ነው።

♦ የኛ ካርታ

ወደ ቤት እንግባ። የኛ ሀገር የአካባቢ ኮዶች እነዚህ ናቸው፦

011 አዲስ አበባና አካባቢዋ
022 አዳማ፣ አሰላ፣ ጎባ
025 ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ
033 ደሴ፣ ወልድያ
034 መቀሌ፣ አክሱም፣ አዲግራት
046 ሐዋሳ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ
047 ጅማ፣ ጋምቤላ
057 ነቀምቴ፣ አሶሳ
058 ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደብረ ማርቆስ

ይሄን ካርታ ከክልል ካርታ ጋር አስተያዩት። አይገጥምም! ድሬዳዋ፣ ሐረርና ጅግጅጋ ሦስት የተለያየ አስተዳደር ናቸው፤ ኮዳቸው ግን 025 ነው። ሻሸመኔና ሐዋሳ በ046 አንድ ናቸው። ጋምቤላ ከጅማ ጋር፣ አሶሳ ከነቀምቴ ጋር። አምቦም ደብረ ብርሃንም በ011 አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። አሜሪካኖቹ የ1947ቱን ኮድ ሲያወጡ የግዛት ወሰን ጠብቀው ነበር። የኛው የሚከተለው ግን መስመሩ የሚሰበሰብበትን ከተማ ነው። በየጊዜው ስለ ወሰን ስንጨቃጨቅ ሽቦው ዝም ብሎ ሰፈርን ከሰፈር ሲያገናኝ ኖሯል። ኮመንት ላይ ፖለቲካ እንዳትጀምሩብኝ ብቻ! 😄

ቁጥሩ ራሱም ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ዕድሜያችሁ ከኔ ጋር የተቀራረበ ሁሉ ታስታውሳላችሁ፤ አዲስ አበባ 01 ነበረች፣ የቤት ስልክ ደግሞ ስድስት አኃዝ። በመስከረም 1998 ዓ.ም ኮዱ 011 ሆነ፤ ቁጥሩም ላይ አንድ አኃዝ ተጨምሮ ሰባት ገባ። ምክንያቱ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ በስድስት አኃዝ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቁጥር መሥራት አይቻልም፣ በሰባት ግን አሥር ሚሊዮን ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባትን ነገር ላንሳ። 011 ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ 0 የኮዱ አካል አይደለችም። «ከአካባቢዬ ልወጣ ነው፣ ሀገር ውስጥ ግን ነኝ» የምትል በር ናት። ከውጭ የሚደውል ሰው በሌላ በር ስለሚገባ አያስፈልገውም። ስለዚህ +251 ካላችሁ በኋላ 0 አትጻፉ፤ +251 11 ነው፣ በ09 የሚጀምር ሞባይልም ከሆነ +251 9 ብሎ ነው የሚቀጥለው። የመደመር ምልክቷ ደግሞ «ካለህበት ሀገር የመውጫውን ቁጥር አንተው አስገባ» ማለት ናት። እኛ ጋ መውጫው 00 ነው፤ አሜሪካ ጋ ያቺ መጀመሪያ ያነሳናት 011 ናት። የሥራ ማመልከቻችሁ ላይ +251 09 ብላችሁ የምትጽፉ ልጆች፣ ዛሬውኑ አስተካክሉ።

♦ ቁጥሩ ከቦታው ሲለቅ

የ1947ቱ ብልሃት ዘላለም አልቆየም። መሐሉ 0 ወይም 1 ብቻ ከሆነ፣ ፊቱም ከ2 እስከ 9 ከሆነ፣ 8×2×10፣ ከ160 በላይ ኮድ የለም፤ ከሱም ላይ እንደ 411 ያሉት ለአገልግሎት ተቀናሽ ናቸው። ፋክስ መጣ፣ ሞባይል መጣ፣ ቁጥር አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1995 አላባማ 334፣ ዋሽንግተን ግዛት 360 ሲሰጣቸው የመሐለኛዋ ቁጥር ሕግ አበቃ። በዚያን ጊዜ ማሽኖቹ ኮምፒውተር ስለሆኑ ምልክቱ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ሰው ግን ከማሽኑ በኋላ ቀረ፤ ኮዱን ወዶት ነበራ! እ.ኤ.አ. በ1984 ብሩክሊንና ኩዊንስ ከ212 ወጥተው 718 ሲሰጣቸው ነዋሪው ከከተማው የተባረረ ያህል ተቆጣ። እስከ ዛሬ 212 ያለው ቁጥር ኒውዮርክ ውስጥ እንደ ክብር ይታያል፤ በገንዘብ የሚገዛውም አለ። እኛስ? 0911 ያለው ሰው «ነባር ነኝ» ብሎ ሲኮራ አልሰማችሁም? ሞባይል ቦታ የለውም ቢባልም፣ 0914 ሲደወል «ከትግራይ ነው»፣ 0918 ሲደወል «ከባሕር ዳር በኩል ነው» እንል ነበር። ለማሽን የወጣ ምልክት ሰው እጅ ሲገባ የትውልድ ቀዬ ይሆናል።

ዛሬ ግን ተጠንቀቁ፤ ኮድ የቦታ ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ሰው የሞባይል ቁጥሩን ይዞ ከኩባንያ ኩባንያ መዞር ይችላል። በ240 የጀመረ ልጅ ሲያትል ገብቶም 240 ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ በኢንተርኔት የሚደውል አጭበርባሪ የፈለገውን ቁጥር ስክሪናችሁ ላይ ሊያሳይ መቻሉ ነው። የሰፈራችሁን ኮድ መርጦ ይደውላል፤ እናንተም «የቅርብ ሰው ነው» ብላችሁ ታነሳላችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ይሄን የሚከላከል ሕግ አውጥታለች፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ምክሬ አጭር ነው፦ በኮዱ አትመኑ። ገንዘብ ወይም የይለፍ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ከሆነ ዝጉትና በምታውቁት ቁጥር ራሳችሁ መልሳችሁ ደውሉ። በተለይ ለእናቶችና ለአባቶች ንገሯቸው።

♦ ኮዱ ኖሮ ሰው ሲጠፋ

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ነገር ነው።

ኤርትራ ነፃ ከወጣች በኋላ ከ251 ወጥታ 291 የራሷን ኮድ አገኘች። በ1990 ዓ.ም ጦርነቱ ሲነሳ በሁለቱ ሀገሮች መካከል ያለው የቀጥታ ስልክ ተቋረጠ። ሃያ ዓመት! ኮዱ በመዝገብ ላይ አለ፣ ቁጥሩም አለ፣ አስመራ ያለችው እህት ቤት ውስጥ ቀፎው ተቀምጧል፤ ጥሪ ግን አያልፍም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም መጀመሪያ መስመሩ ሲከፈት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ዘመድ ያለው ለዘመዱ ደወለ። ዘመድ የሌለው ደግሞ +291 ብሎ የመጣለትን ቁጥር እየመታ ለማያውቀው ሰው «ሰላም፣ እንደምን አላችሁ» አለ። ከወዲያም ከወዲህም ያለቀሰ ብዙ ነው።

ሁለት ዓመት ጥቂት ፈቀቅ ሲል ደግሞ፣ በጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም፣ 034 ዝም አለ። በመሐል አንዳንድ ቦታ ተመልሶ እንደገና ተቋርጧል። መቀሌ ስልክ የተመለሰው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ እናቱ ትኑር ትሙት ሳያውቅ የከረመውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የመምህራን ክፍል ውስጥም ነበር፣ ተማሪዎች መሐልም ነበር። መስመሩ ሲከፈት አንዳንዱ በአንድ ጥሪ የደስታም የመርዶም ወሬ ሰማ።

ኤሪያ ኮድ የተፈጠረው ማሽኑ ጥሪውን ወዴት እንደሚልክ እንዲያውቅ ነው። ከኒውዮርክ 212 እስከ መቀሌ 034 ያለው ሥራው ይሄ ብቻ ነው፦ መንገድ ማሳየት። መንገዱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን ሰው ነው። 23 ደቂቃን 18 ሰከንድ ለማድረግ ስንት ኢንጂነር ዕድሜውን ጨርሷል፤ ያንን 18 ሰከንድ ሃያ ዓመት ለማድረግ ግን አንድ ትዕዛዝ ይበቃል። ተማሪዎቼ፣ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ከያዛችሁ ይሄን ያዙ። ነገ ቴሌ ውስጥም ሆነ መንግሥት ቤት የምትቀመጡ አላችሁና።

በሉ፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው። ያደጋችሁበት ቤት ኮድ ስንት ነበር? ኮዱን ብቻ ጻፉልኝ፤ ሙሉ ቁጥር አትጻፉ፣ አደራ። ካነበባችሁ በኋላ ደግሞ ቆይታችሁ ላልደወላችሁለት አንድ ሰው ዛሬ ደውሉ። መስመሩ ክፍት ነው።